ከመሀል ወደ ዳር

ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጆቼ አባት ለሳልህ፤

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ሰነበትክ? እኔና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ያማረረን ሙቀቱ ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ራሴ ነኝ። ፊደሉ ቢንጋደድ እንዳትስቅ፤ የመሠረተ ትምህርት ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ስሰቅል የሳቅከው ይበቃሃል። የቀበሌውን ጸሐፊ ያላስጻፍኩት የባልና የሚስት ነገር ስላለበት ነው።

የጭነት መኪናችን ተነሥታለች። አዎ፣ ደግመህ አንብበው።

ጣርማ በር ዳገት ላይ ሞተሯ ፈልቶ የቆመች ጊዜ፣ ድንጋይ ልታስደግፋት ወርደህ እግርህ ላይ ከወጣች ወዲህ፣ ተጎትታ መጥታ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ወር ተገትራ ከረመች። ዶሮዎቹ ሥሯ እንቁላል መጣል ጀምረው ነበር። ወንድምህ ጋሼ ሙሄም በየሳምንቱ እየመጡ ይዞሯታል። ባለፈው እሑድ ከአጣዬ ገዢ አግኝቻለሁ፣ ጁምዓ ይዤው እመጣለሁ አሉኝ። «ራህመት፣ ነጂ የሌለው መኪና ቁራጭ ብረት ነው። ሳልህ ቢመጣም እንኳ...» ብለው ጀመሩ። እኔም አላስጨረስኳቸውም። እሷ ከተሸጠች አንተ ምን ልትሆን ትመጣለህ? ግድግዳ ተደግፈህ የሰው መኪና ስትቆጥር ላይህ አልችልም፣ ወላሂ አልችልም።

ጓደኛህ ሾፌሩ ስንታየሁ፣ አላህ ይስጠው፣ በሞተሩና በክዳኑ መሀል የሚነጠፈውን ጓርኒሲዮን ከአዲስ አበባ ይዞልኝ መጣ። የተኛህበት ሆስፒታልም ገብቶ አይቶሃል። ያየውን ነግሮኛል። አንተ «እግሬ እየጠገገ ነው» ብለህ ጽፈሃል፤ እሺ ብያለሁ፣ አልጠይቅህም።

ሰኞ ጠዋት ቢስሚላህ ብዬ ያንተን ቱታ ለበስኩ። እጅጌውን ሦስቴ ነው ያጠፍኩት። አሊዪንና ሌሎቹን ጫኞችህን ጠርቼ ውሃውን አፈሰስን፣ ቱቦውን ፈታን። ብሎኖቹን እያወጣሁ ካርቶን እየበሳሁ እንደየቦታቸው ሰካኋቸው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቁልፍ ሳቀብልህ ዓይኔ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ በአጣና ተጋግዘው ሲያነሡት አሮጌው ጓርኒሲዮን በሁለቱ ሲሊንደሮች መሀል ጣት እስኪያስገባ ተቃጥሏል። ቤቴን ያፈረሰችው ይቺ ናት ወይ ብዬ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጫኞቹ ፊታቸውን አዞሩልኝ። ከዚያ ተነሥቼ የሞተሩን ፊት በናፍታና በቢላ ስፍቅ ዋልኩ።

ጉዱ የመጣው ረቡዕ ስንገጥም ነው። አዲሱን ጓርኒሲዮን አንጥፈን ቴስታታውን ከደንበት፤ ትንሿ ልጅህ አልቅሳ ለአፍታ ወደ ቤት ገባሁ። ስመለስ አሊዪ ሁሉንም ጥርቅም አድርጎ አጥብቆ ላቡን ይጠርጋል። ውሃ ስንሞላባት ከመሀል ጎኗ ማላብ ጀመረች። ከየት ጀምረህ አጠበቅክ ብዬ ስጠይቀው፣ «ከዳር ነዋ እትዬ፤ ጭነት ከዳር ካልታሰረ መቼ ይጸናል?» አለኝ። ዕድሜውን ሽንኩርት ሲጭን የኖረ ሰው፣ ቴስታታውን እንደ ጆንያ አስሮልኝ ዐረፈ። ዳርና ዳሩ ቀድሞ ሲነክስ መሀሉ አብጦ ቀርቷል። ልሰድበው አፌን ከፈትኩና መለስኩት፤ ሳላሳየው የሄድኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ ሙሄ ይህን ሰምተው መጡና ይበቃሻል አሉኝ። አይበቃኝም አልኳቸው። ሐሙስ እንደገና ፈታን። ሞተሩ ስላልተነሣ ጓርኒሲዮኑ እሳት አልነካውም፤ ጠርዙም አልተቀደደም፤ አደረቅሁት፣ አቃናሁት። በዚህኛው ዙር ቁልፉን ለማንም አልሰጠሁም። አንተ እንደምታደርገው ከመሀል ጀምሬ፣ ግራ ቀኝ እያልኩ ወደ ዳር ወጣሁ፤ ትንሽ ነከስ፣ ደግሞ ትንሽ፣ ሦስት ዙር። ክንዴ ሲዝል አሊዪ ከኋላዬ ቁልፉን አብሮኝ ይገፋ ነበር። ውሃ ሞላን። ጠብ ያለ የለም።

ትላንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጋሼ ሙሄ ገዢውን ይዘው ገቡ። እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ ነበር። ሻሼን ጠበቅ አድርጌ ቁልፉን አዞርኩ። መጀመሪያ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ያ የምታውቀው ድምጿ መጣ። ማርሽ አስገብቼ በበሩ አወጣኋትና መንገዱ ላይ አቆምኳት። የጎረቤታችንን አጥር ትንሽ ይዣለሁ፤ ዛሬ ከሰዓት አሊዪ ያጥረዋል። ገዢው ሰውዬ ሳቀና ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ። ጋሼ ሙሄ ግን አልሳቁም። ቀርበው መከለያዋን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ለመሆኑ ማን ሊነዳት ነው?» አሉኝ።

«እኔ» አልኳቸው።

መንጃ ፈቃዱን እስካወጣ ድረስ የስንታየሁ ታናሽ ወንድም ይይዛታል፤ እኔ በየቀኑ ከሱ እማራለሁ። ገና ማርሽ ስቀይር ትጮህብኛለች። ዳገት ላይ ስትፈላ ድምጿን ቀድሞ የሚሰማ ሰው ከጎኔ ያስፈልገኛል፤ እሱን ጆሮ ማንም ሊያስተምረኝ አይችልም።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ዛሬ ጠዋት ብየዳ ቤት ወስደናት ነበር። በረዳቱ በር በኩል መርገጫዋን ዝቅ አስደረግኩ፣ ከመሬት አንድ ክንድ እንኳ አይሆንም፤ ከበላዩም የእጅ መያዣ ብረት አስበየድኩ። በያጁ ለማን ነው ቢለኝ ለባለቤቴ ነው አልኩት። እኔ ራሴ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ወጥቼ ሞክሬዋለሁ። ይመቻል።

አላህ በሰላም ያገናኘን፤ ዐፊያ ያድርግህ። ልጆቹ እጅህን ይስማሉ። ቶሎ ና።

ሚስትህ ራህመት