የሐጂ ሦስተኛ ገጽ

ላፍቶ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ዚነት፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው። የመጣልሽን ወረቀት ሁሉ በር ላይ ቆመሽ መጨረስ ስለምትወጂ ነው ቀድሜ የማስጠነቅቅሽ። ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ልጆቹንም ትንሽ ወደ ውጭ በያቸው። እኔ ደህና ነኝ። ባሌ ደምሰውም ደህና ነው፤ ሚኒባሱም ከጋራዥ ወጥቶ ይኸው ላፍቶ ሜክሲኮ እየተመላለሰ ነው። የምጽፍልሽ ደስ ብሎኝ ነው፣ ደስታዬ ከአፌ ሊያመልጥ ደርሷል። ግን ከደስታው በፊት የምናዘዘው ነገር አለኝ፣ እሱን ደግሞ በስልክ አልችለውም። በስልክ አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔም አብሬሽ እስቅና ዋናው ነገር ይቀራል።

እንግዲህ ስሚኝ። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ዋሽቼሻለሁ፤ አንዴም አይደለም፣ ሦስቴ። አባትሽ ሐጂ ኑረዲን አምና እኔን አስቀምጠው ያጻፉኝን ነገር፣ «ለዓመቱ ሰደቃ ይነበባልና አትመሽ ላኪልኝ» ብለሽ ስትደውዪ መጀመሪያ «ቀለም አልቋል» አልኩሽ። ቀጥዬ «ፕሪንተሩ ወረቀት እየበላ አስቸገረኝ» አልኩሽ። ሦስተኛው ላይ ምን እንደፈጠርኩ እኔም ረስቼዋለሁ። አንቺ ግን «ምንም አይደል ወርቄ፣ አትጨነቂ» አልሽኝ። ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ቀለሙም ሞልቶ ነበር፣ ወረቀቱም ሙሉ ፓኮ ነበር። አልነሳም ያለው ኮምፒውተሩ ነው፤ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ አጋማሽ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ራሱን ማደስ ጀመረና ሰማያዊ ገጽ ላይ ቁጥር እየቆጠረ በእንግሊዝኛ «ኮምፒውተሩን እንዳታጠፉ» ይላል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ለዚህ አያንስም፣ አንብቤ ገብቶኛል። በዚህ መሃል ከፉሪ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ መጣና መብረቁ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ መብረቅ በጮኸ ቁጥር ከአጥሩ ማዶ የምሰማው ያንቺን ድምፅ ነበር፤ «ወርቄ፣ ንቀይ!» እኔም እየሮጥኩ እነቅላለሁ። ወራቤ ገብተሽም ጆሮዬ አልተወሽም። ፍሪጁን ነቀልኩ፣ ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ፣ የስልኩን ቻርጀር ሳይቀር ነቀልኩ። ኮምፒውተሩ ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። እሱ አታጥፊኝ ይላል፣ ሰማዩ ንቀይ ይላል። ሰማዩን ሰማሁ።

ዝናቡ ሲያባራ መልሼ ብሰካው በሁለት ነጥብና በአንድ ቅንፍ የተሠራ ያኮረፈ ፊት ብቅ አለ። ከዚያ ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ያኮርፋል። ደምሰው ሲገባ ፊት ለፊቱ ተገትሬ አገኘኝ።

«ምን ሆነ?»

«አልነሳ አለ።»

«እንግፋው?» አለኝ። ሹፌር አይደል! እንዳልሳቅሁ ሲያይ ጃኬቱን ሳያወልቅ አጠገቤ ቁጭ አለ። «የሐጂ ጽሑፍ አለበት እንዴ?»

«አለበት።»

«ፍላሽ ላይ አልገለበጥሽውም?»

ዛሬ እገለብጣለሁ፣ ነገ እገለብጣለሁ ስል ዓመት እንዳለፈኝ እንዴት ብዬ ልንገረው። ገመዱን መጠቅለል ጀመርኩ።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን በሚኒባሱ ጋቢና ጭነን ብስራተ ገብርኤል ለሊሳ የሚባል ጠጋኝ ጋ ወሰድነው። ጥሩ ሰው ነው፣ አልዋሸኝም። «ማዘር፣ ፎርማት ብናደርገው አዲስ ይሆንልሻል» አለኝ። ፎርማት ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ያለውን ሁሉ ማጽዳት ነው አለኝ። ሁለት እጄን ኮምፒውተሩ ላይ ጫንኩበት። «እሺ፣ ሳይጸዳ ፋይሎቹን አውጥቼ ለመገልበጥ እሞክራለሁ፤ ግን እየከፈትኩ ማየት ይኖርብኛል» ሲለኝ አመስግኜው ተሸክሜ ወጣሁ። ደምሰው መንገድ ሙሉ «ሴትዮ፣ ሰውየው እኮ ሊያድንልሽ ነበር» እያለ አጉረመረመብኝ። እሱ የማያውቀው ነገር ነበር። አንቺም አታውቂውም።

ሐጂ አምና በሐምሌ ለአምስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየመጡ ነው ያጻፉኝ። ዱላቸውን ወለሉ ላይ መታ ያደርጉና «ጻፊ» ይላሉ። ጽፌ አነብላቸዋለሁ። «ይሄ ይኩራራል፣ አጥፊው» ይላሉ። አጠፋለሁ። አያት ቅድመ አያቶቻችሁን ቆጠሩ፤ ላፍቶ የገብስ ማሳ ሳለ እንዴት እንደመጡ አጻፉኝ፤ እያንዳንዳችሁ በየትኛው ዝናብ እንደተወለዳችሁ አጻፉኝ። በአምስተኛው ቀን ሦስተኛው ገጽ ላይ ስላንቺ ጀመሩ። ድምፃቸው ተቆራረጠ። እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም፤ አንገቴን ደፍቼ ጣቴን ብቻ አንቀሳቀስኩ። ሲጨርሱ፣ «ለመውሊድ ልጆቼ ሲሰበሰቡ ራሴ አነበዋለሁ። ከዚነት በፊት ግን የማንም ዓይን እንዳያርፍበት» አሉኝ። ቃል ገባሁላቸው። መውሊድ ሳይደርስ በነሐሴ ሄዱ።

ለቅሶው ላይ ጆሮዬ ሥር ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? «ወርቄ፣ አባቴ ሳይምረኝ ሄደ።» ያ ጠብ እኔም ባለሁበት የሆነ ነው። ለነርስነት አዋሳ ተመድበሽ ሳለ እናትሽን እንድታስታምሚ ብለው ያስቀሩሽን ከዓመታት በኋላ ሰው ፊት አነሳሽባቸው፤ «ሕይወቴን የቀማኸኝ አንተ ነህ» አልሻቸው። ከዚያ ወዲህ ስንቴ እግራቸው ላይ ወደቅሽ! እሳቸው «እሺ» ብለው ዝም ነው። እኔም ለቅሶው ላይ ያጻፉኝ ነገር አለ ስልሽ «አሁን አልችልም፣ ለዓመቱ ይሁን» አልሽኝ። እኔ ደግሞ እንደማሩሽ ያጻፉኝ መሆኑን በሆዴ ይዤ ዓመቱን ስቆጥር ከረምኩ።

አሁን የሚያሳፍረኝ ላይ ደረስኩ። ከለሊሳ ጋ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ደብተር አወጣሁና ሐጂ ያጻፉኝን ከራሴ መጻፍ ጀመርኩ። ይህን አስታውሰዋለሁ፣ ይህ ነበር፣ ይህም ነበር እያልኩ ሦስት ገጽ ሞላሁ። ስላንቺ፣ «ዚነትን ከልቤ ይቅር ብያታለሁ፣ ከእንግዲህም በልቧ ምንም አትያዝ፣ አባቷ ይወዳታል» ብዬ ጻፍኩ። ታይፕ የሚያደርግልኝ ቤት ሁሉ አጠያይቄ ነበር። ልልክልሽ ነበር ዚነት! ግን መልሼ ሳነበው የእኔን ወሬ ይሸታል። ሐጂ በአንድ ቃል የሚጨርሱትን እኔ በአምስት አድርጌዋለሁ። የሞተ ሰው አፍ ውስጥ ቃል ማስገባት ምን ይባላል? ደብተሩን ትራስ ሥር ከተትኩና አዳማ ኮምፒውተር የምታስተምረው የእህቴ ልጅ ኤሌኒ ጋ ደወልኩ።

«አክስቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ» አለችኝ። «አንቺ የጻፍሽው ነገር ምንም አልሆነም። የተጎዱት ኮምፒውተሩ የሚነሳባቸው ፋይሎች ናቸው፤ ሲታደስ መሃል ላይ ነቅለሽው ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ቀረ። የጎደለውን ራሱ ፈልጎ እንዲተካ እናዘዋለን።»

«ራሱ? እንዲህ አኩርፎ?»

«አኩርፎም ይታዘዛል።»

ሦስቴ መነሳት ሲያቅተው አራተኛው ላይ ምርጫ ያመጣል አለችኝ፤ እውነትም አመጣ። ይህን ንኪ፣ ያንን ንኪ እያለች ለችግር ጊዜ የሚነሳበት መንገድ አለው፣ እዚያ አስገባችኝ። ከዚያ ጥቁር ገጽ ተከፈተ፤ ሥዕል የለው፣ ምን የለው፣ ነጭ ፊደል ብቻ። እሷ በስልክ ትጠራለች፣ እኔ እነካለሁ።

«ኤስ።»

«ኤስ፣ ነካሁ።»

«ኤፍ። ሲ። ከዚያ አንድ ቦታ ዝለዪ።»

«ዘለልኩ።»

«አሁን ስላሽ አድርጊ።»

እሺ ብዬ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። እሷም ዝም፣ እኔም ዝም። ከውጭ የሰፈሩ ውሻ ይጮኻል። ደምሰው ከበሩ ሆኖ «ምን እየተደረገ ነው?» ይለኛል፤ በእጄ ዝም በል እለዋለሁ። ብዙ ቆየን።

«አክስቴ፣ አደረግሽ?»

«መቼ አልሽኝ?»

«ኧረ አልኩሽ!»

«አላልሽኝም! ስልሽ አድርጊ ብለሽኝ እኮ ነው እስክትዪኝ የምጠብቀው!»

«ስላሽ ነው ያልኩሽ!»

«እኮ፣ እስክትዪኝ ነዋ!»

በስልኩ ውስጥ መሬት ላይ ወድቃ የምትስቅ መሰለኝ። «አክስቴ በእናትሽ! ወይዘሮ ብለሽ በአጭሩ ስትጽፊ በ‹ወ› እና በ‹ሮ› መሃል የምታስገቢያት ዘንበል ያለች መስመር!»

«እዝባር በዪኛ! እኔ ታይፕ ስማር እዝባር ነው ስሟ። ምን አለ በሰው ቋንቋ ብትናገሪ!»

ደምሰው ግድግዳ ይዞ ይስቃል። እኔም ሳቄ መጣ፤ ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እዝባሯን አስገባሁ፣ የቀሩትን ፊደሎች አንድ በአንድ ጠራችልኝ፣ ሁለት ኤን እንዳለው ሁለቴ አረጋገጥኩ፣ ከዚያ ትልቁን ቁልፍ ተጫንኩ። ከመቶ አንድ አለ። ሁለት አለ። «አሁን መቶ እስኪሞላ ማንም እንዳይነካው» ብላኝ ልታስተምር ክፍል ገባች።

ደምሰው ምሳ ላሙቅ ብሎ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሊሰካ ሲል ጮኽኩበት፤ ቆጣሪው ቢዘልስ? ቀዝቃዛ ሽሮውን በዳቦ በላ፣ እግዜር ይስጠው። አርባ ሁለት ላይ ሲደርስ ያ ሰማይ ደግሞ መጣ። መብረቁ አንዴ ሲጮህ ቤቱ በራ። አንቺ «ንቀይ!» አልሽኝ፤ በእውነት ሰማሁሽ። ፍሪጁን ነቀልኩ። ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ። ከዚያ የኮምፒውተሩ ሶኬት ፊት ወንበር ስቤ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ፤ እጄ እንዳይከዳኝ። «ቢመታውስ?» አለኝ ደምሰው። «አንዴ ሰማዩን ሰምቼ ያየሁትን አይቻለሁ» አልኩት። ኪዳነ ምሕረትን ለመንኩ፤ አንቺ ብትኖሪ ዱዓ ታደርጊልኝ ነበር ብዬም አሰብኩ። ስልሳ፣ ስልሳ አንድ... ስልሳ አንድ ላይ ምን ያህል እንደቆየ አትጠይቂኝ። ዝናቡ አልፎ ሄዶ፣ ጠብታው ከጣሪያው ሳያልቅ፣ መቶ ሞላ።

የመጣውን ጽሑፍ ለኤሌኒ ደግሜ ደውዬ ፊደል በፊደል አነበብኩላት። «የተጎዱ ፋይሎች አግኝቷል፣ ጠግኗቸዋል ነው የሚለው! አጥፍተሽ አስነሺው» አለችኝ። አጥፍቼ አስነሳሁት። ያ ኩርፊያ ቀረና ያው የድሮው ገጻችን መጣ፤ በእህትሽ በመርዋ ሠርግ ላይ እኔና አንቺ የተነሳነው ፎቶ! እልልታዬን ሰምቶ የጎረቤት ሰው ሁሉ መጣ፤ ልጅ ወለድሽ ወይ ብለው ሊያሾፉብኝ ምንም አልቀራቸውም። ሁሉንም ሸኝቼ፣ ደምሰውንም ወደ ሥራህ ብዬ፣ በሩን ዘጋሁና የሐጂን ጽሑፍ ከፈትኩ። አንድም ፊደል አልጎደለም።

ዚነት፣ እኔ ግን ተሳስቼ ነበር። ሦስተኛውን ገጽ በገዛ ጣቴ ጽፌው፣ በዓመቱ ትርጉሙን ገልብጬ ነው የያዝኩት። አባት ልጁን ይቅር ሲል እንጂ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼ ስለማላውቅ ይመስለኛል። ሐጂ ያሉት እንዲህ ነው፣ ከወረቀቱ እያየሁ እገለብጥልሻለሁ፦

«ዚነት ነጭ ለብሳ ሐኪም ቤት ልትቆም ተመርጣ ነበር። እናቷ ታማ ነበርና አስቀረኋት። የተቆጣችኝ እውነቷን ነው። ይቅርታ በጠየቀችኝ ቁጥር ዝም ያልኩት የምምራት ነገር አጥቼ ነው። ማረኝ ማለት ያለብኝ እኔ ነበርኩ። በአፌ አቃተኝ። ልጄ ይቅር ትበለኝ። ወርቄ፣ ይህን አታሳምሪው፣ እንዳልኩሽ ጻፊው።»

ያን ደብተር ቀድጄ ጣልኩት። ብልክልሽ ኖሮ «ምሬሻለሁ» የሚል አባት ይደርስሽ ነበር፤ አንቺም አምነሽኝ፣ እሳቸው የጠየቁሽን ሳትሰሚ ትኖሪ ነበር። ለዋሸሁሽ ሦስት ጊዜ እንደፈለግሽ ቅጪኝ።

ወረቀቱን መርዋ የፊታችን ቅዳሜ ስትመጣ ይዛልሽ ትመጣለች፤ ፍላሽም አለበት። አንደኛውና ሁለተኛው ገጽ አብረው ተያይዘዋል፣ እነሱን በሰደቃው ቀን ማንም ያንብባቸው። ሦስተኛውን ለብቻው አጥፌ በፖስታ አሽጌዋለሁ፤ ከላይ የተጻፈው ያንቺ ስም ብቻ ነው። መርዋም አላየችውም። ወንድሞችሽ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ወይ አንቺ ጋ ይቅር፣ ያንቺ ፈንታ ነው። እኔና ደምሰው ለሰደቃው በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ማታ እንገባለን፤ ምንም አልጠይቅሽም። መልስ ካለሽ ግን የምጠብቀው እኔ አይደለሁም፤ ያረፉት አገራቸው ወራቤ ነው፣ መቃብራቸው ከቤትሽ ሩቅ አይደለምና ብቻሽን ሂጂና ለእሳቸው ንገሪያቸው።

የምትወድሽና ብዙ የምታወራው
ወርቄ