የዝዋዩ ወረቀት

ሚያዝያ 19
ልብስ አጠብኩ፣ አልደርቅ አለ። የደብረ ብርሃን ነገር... ከሰዓት በኋላ የመንገዱን ወረቀት ጻፍኩ። «ሞጆ ቁርስ። መቂ ሐብሐብ። ዝዋይ ሁለት ቀን፦ ሐይቁ ዳር ዓሣ፣ ጀልባ፣ የወይኑ እርሻ። ሳንጣደፍ።» ወንድሜ ገብረ ጻድቅ በመኪናው ይወስደናል። ሠላሳ ዓመት የቄስ ሚስት ሆኜ ለቅዳሴ የሚዘፈዘፍ ዘቢብ እንጂ ወይን በሐረጉ አላየሁም። ይገርማል እኮ!

ጊዜውንም አስቤበታለሁ። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ጾም የለም። ባሌ ቄስ ወልደኪዳን በተራው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግልበት ሰሞን ግንቦት 2 ያልቃል። በማግስቱ እንነሳለን። ፊት ለፊት «አንቱ» ነው የምለው። እዚህ ደብተሬ ላይ ግን ማን ያየኛል?

ሚያዝያ 24
ወረቀቱን አሳየሁት። አነበበና «ደግ፣ ይሁን» ብሎ መጽሐፉ ውስጥ ከተተው። ልጅ የሆንኩ መሰለኝ። ቀላል ጫማ ገዛሁ።

ግንቦት 1
ቀረ። «ሰሞን ተደረበብኝ፣ የሚቀጥለውም ሳምንት የኔ ነው» አለ።
«ማን ደረበብዎት?»
«የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው። እግዜር ካለ ሌላ ጊዜ።»
ሌላ ጊዜ! ስንቴ ሰማሁት? ከታቦት ጋር አልጣላ... ለገብረ ጻድቅ ደውዬ ተወው አልኩት።

ግንቦት 14
ይመኙሻል መጣች፣ የቄስ ተስፋሚካኤል ሚስት። ፊቷን ፀሐይ መቶታል። አንድ ጠርሙስ ወይን ይዛለች።
«እግዜር ይስጥልን፣ እትዬ ሥርጉት! ቄስ ወልደኪዳን ‹እኔ መንገድ አልወድም፣ ሰሞንህን እኔ ልያዝልህ› ባይሉት የት እንወጣ ነበር? ዝዋይን አየነው!»
ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ወረቀቴን። የገዛ እጄን ጽሑፍ። የዓሣ ዘይት ነክቶታል።
«እሳቸው ናቸው የሰጡን። ይሄ ባይኖር እንጠፋ ነበር» ብላ ወረቀቱን እጄ ላይ አኖረችው።
ምን አልኳት? «እንኳን በሰላም ገባችሁ» አልኳት። ምላሴ ይቆረጥ!

ግንቦት 15
ጠየቅሁት። «አንቺን ማስቀየም ፈርቼ ነው» አለ። መንገዱንስ አይውደድ። ወረቀቴን ለሰው መስጠት ምን አመጣው?

ግንቦት 20
ሰኞ ጾም ይገባል፣ ዛሬ ካልሆነ የለም። ለገብረ ጻድቅ መልሼ ደወልኩለት፣ ውጭ ክላክስ ያደርጋል። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው እንደ አዲስ ጻፍኩ፣ ለአንድ ሰው። ዓሣውን አወጣሁት። ይመኙሻል በበላችበት አልበላም።

ቄሱ ሻንጣዬን አይቶ ደነገጠ። «ምሳዬንስ ማን ያቀርባል?»
«የሰው ሰሞን መያዝ ይችሉበት የለ? የኔንም ይያዙልኝ» አልኩት።
እንባዬ መጣ... ግን ጫማዬን አሰርኩ።