ያለ ደወል የወጣንበት ማለዳ

ሁለተኛ ወር፣ ቀን 26
ጭጋግ። በጥበቃ ጀልባችን ወንዙን እስከ ሸምበቆው ወርደን ተመለስን። መሪውም ደወሉም የኔ ሥራ ነው። እንደ ደንቡ በየመታጠፊያው የነሐሱን ደወል ሦስት ሦስት ጊዜ መታሁ። ወንበዴ አላየንም... በስድስት ዓመት መቼ አይተን እናውቃለን? ቀዛፊው ባኦ ሩዙን አሳረረው። ስቀንበት በላነው።

ሁለተኛ ወር፣ ቀን 28
ከአውራጃው ትእዛዝ መጣ። እስከ መቃብር መጥረጊያው በዓል ወንበዴ ካልያዝን የጥበቃ ኬላችን ይዘጋል፤ እኛም ወደ ባሕር ዳርቻ እንዛወራለን። ባሕር! ሩላን፣ ባለቤቴ፣ የተቀበረችው እዚህ ኮረብታው ላይ ነው። ማን ይጠርግላታል? ለምሕረት እናት ለጓንዪን ሰገድኩ። ምን ብዬ እንደምለምን ግን ጠፋኝ። ሌባ ላኪልኝ ይባላል?

ሦስተኛ ወር፣ ቀን 1
ዳክዬ አርቢዋ እማማ ፋንግ ከዳር ሆና ጮኸችብን።
"እናንተ ደወል መቺዎች! ሌቦቹ ደወላችሁን ሲሰሙ ሸምበቆ ውስጥ ይገባሉ፤ ስታልፉ ይወጣሉ። ትናንት አሥራ ሁለት ዳክዬ ወሰዱብኝ!"
"እማማ፣ ደንብ እኮ ነው" አላት ባኦ።
"ድመት አይጥ ልትይዝ ስትሄድ መጣሁ መጣሁ ትላለች?"
ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን... ለደንቡ ብዬ ነው የምመታው? እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ሸሽተው እንዲገላግሉኝ ነው። ፈርቼ ነው።

ቀን 3
ለኬላው አለቃ ለጉዎ ተናዘዝኩ። "ይቅጡኝ" አልኩት። በሩን ዘግቶ ጠየቀኝ፦
"አያ ሼን፣ 'ደወሉን ጠንከር አድርገህ ምታ' የምልህ ለምን ይመስልሃል?"
ጆሮው በኀፍረት ቀልቷል፤ ለካ እሱም ይፈራ ኖሯል። ነገ ደወሉ ኬላው ውስጥ ይቀራል።

ቀን 4
ያዝናቸው! አራቱንም! ጀልባቸውን ሸምበቆው ውስጥ አስረው የእማማ ፋንግን ዳክዬ ሲጠብሱ ደረስንባቸው። አንዱ ቅልጥም እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ጢማሙ አለቃቸው እየታሰረም ተቆጣ፦
"ነውር አይደለም? ደወል ሳይመታ ሰው ላይ ይገባል?"
"ይቅርታ ጌታው፣ የምናንኳኳው በር አጣን" አለው ባኦ።
ፈርቼ ነበር። መሪውን ግን አልለቀቅኩም።

ቀን 7
በዓሉ። ኬላው አይዘጋም። የሩላንን መቃብር ጠርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስድስት ዓመት ፈሪ እንደነበርኩ ነገርኳት። ታውቅ ነበር መሰለኝ... ምን የማታውቀው ነበር?
ከታች ወንዙ ላይ ጨው የጫኑ ጀልባዎች ብቻቸውን፣ ያለ ጠባቂ፣ ይወርዳሉ። ድሮ ወንበዴ ፈርተው ድምፅ ሳያሰሙ ያልፉት የነበረው ሸምበቆ ጋ ሲደርሱ አንዱ ባለጀልባ መዝፈን ጀመረ። ድምፁ ያስጠላል። እስኪርቅ ድረስ ሰማሁት።