ስለ ተቆለፈበት ፕሮጀክተር ለክቡር ሰብሳቢያችን

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ቅዳሜ ቅዳሜ የፊት ወንበር ላይ ይዞዎት የሚሄደው ያ ጣፋጭ እንቅልፍ ደህና ነው ወይ? እኛ ከአንገታችን በቀር ደህና ነን። ወደ አንገታችን እመለሳለሁ።

እኔ በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ የማላውቅ የሦስተኛ ፎቅ ሴት ነኝ። ዛሬ በደረጃው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይህን ያህል የምጽፈው ምስጋና ሲጠራቀም ስለሚከብድ ነው።

አንደኛ፣ ነዋሪው አዋጥቶ ለጋራ ሳሎናችን የፊልም ፕሮጀክተር በገዛ ጊዜ፣ አቧራ እንዳይነካው፣ ሌባ እንዳያየው ብለው ያሠሩለት የእንጨት ሣጥን እጅግ ያማረ ነው። ቫርኒሹ ፊት ያሳያል። ከፊቱ ለብርሃኑ መውጫ አንዲት ክብ ቀዳዳ አለችው፤ ከዚያ በቀር ትንኝ የምትገባበት ክፍተት የለውም። የኋላ በሩ ቁልፍም በኮትዎ ኪስ ነው። ችግሩ ማሽኑ እንደ እኛው መተንፈስ መፈለጉ ብቻ ነው። ፊልሙ ግማሽ ሲያልፍ ይግላል፣ ያጓራል፣ ከዚያም ራሱን ለማዳን ድርግም ይላል። ሣጥኑ ከተሠራ ወዲህ በዚህ ሕንፃ የፊልም መጨረሻ ያየ ሰው የለም። እርስዎ ግን ከመጥፋቱ በፊት ስለሚተኙና ጭብጨባ ሲሰሙ ስለሚነቁ፣ የዘንድሮ ፊልም አጭርና ጥሩ መሆኑን በየሳምንቱ ይመሰክሩልናል።

ሁለተኛ፣ ሣጥኑ ከመሃል ይልቅ በሩ አጠገብ፣ ጥግ ላይ እንዲቀመጥ ስለ ወሰኑልን እናመሰግናለን። ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ምስሉ በአንድ ወገን ሰፍቶ በሌላው ይጠባል፤ ቀጭን ተዋናይ ግድግዳውን እስኪያቋርጥ ድረስ ይወፍራል። አንገታችንን አዘንብለን ማየት ለምደናል። የምድር ቤቱ ልብስ ሰፊ አሁን ሲቆርጥም አንገቱን ያዘነብላል፣ የባሌ አዲስ ሸሚዝም አንድ እጅጌው ረዝሞ መጥቷል። ወደ ሽንት ቤት የሚሄድ ሁሉ ደግሞ በፊልሙ ውስጥ ያልፋል። ሾፌሩ ጎረቤታችን ባለፈው በፊልሙ ሙሽሮች መሃል ቆሞ የጫማውን ክር አስሯል።

ሦስተኛ፣ የማሽኑን መመሪያ አጥፈው ለሣጥኑ አንካሳ እግር መደገፊያ ስላደረጉት አመሰግናለሁ። ያገኘሁትን ቁራጭ ወረቀት ሁሉ ማንበብ ልማዴ ስለሆነ ስጠርግ አውጥቼ አነበብኩት። በአየር ማስወጫው በኩል ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይተው ይላል። ሣጥኑ እንዳይነቃነቅ መልሼ አጥፌ ከእግሩ ሥር ከተትኩት።

አራተኛው ምስጋና አይደለም። ማሽኑ ጠፍቶ በጨለመ ቁጥር ጎረቤቶቼ መጨረሻውን እኔ እንድተርክ ያስገድዱኛል። እኔም ገዳይ አስይዣለሁ፣ የጠፋ ልጅ መልሻለሁ፣ አንዴም የሰጠመ መርከብ ከነተሳፋሪው አውጥቻለሁ። ያ ጭብጨባ የእኔ ነው፤ ስለምንቀሰቅስዎ ይቅርታ። ነገር ግን የአማቴ ዓይን ከቀን ወደ ቀን እየደበዘዘ ነው፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጣቸውም። ቴሌቪዥን አይታያቸውም፣ ግድግዳውን የሚሞላውን ትልቅ ፊት ግን ገና ይለያሉ። ባለፈው ስንወጣ ክንዴን ይዘው፣ «ልጄ፣ ያንቺ ሰዎች ሁሉ ይታረቃሉ። እኔ የሚጣሉትንም ዓይኔ ሳይጠፋ አይቼ ልጨርስ» አሉኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ ፊልሙ እስኪያልቅ ብቻ የኋላ በሩን እንዲከፍቱልን፣ ሣጥኑም ወደ መሃል እንዲመጣ በትሕትና እለምናለሁ። አቧራ ቢገባ እኔ እጠርጋለሁ።

አንገቷ ቢዘነብልም አክብሮቷ ቀጥ ያለ፣
የሦስተኛ ፎቋ ምራት

ተጨማሪ፦ ይህን ሳልለጥፍ ቅዳሜ ደረሰ። እርስዎ እንደ ወትሮው ሲያሸልቡ ቁልፉ ከኮትዎ ወደቀ፤ አማቴ በዳበሳ አገኙት። ልብስ ሰፊውና ሾፌሩ ሣጥኑን መሃል አደረሱት፣ እኔ ከፈትኩት። ፊልሙ እስከ መጨረሻው ሄደ። የፊልሙ ባልና ሚስት አልታረቁም። አማቴ ከደስታ ብዛት አለቀሱ፤ በመጨረሻ የሚያልፈው የስም ዝርዝር እስኪያልቅም አልነሣም አሉ። ሣጥኑን ወደ ጥጉ፣ ቁልፉን ወደ ኪስዎ መልሰናል። እንዳይነቁ ብለን ማንም አላጨበጨበም። ለሚቀጥለው ቅዳሜ በጊዜ ይምጡ፤ ወንበርዎ ላይ ትራስ አድርገንበታል።