የጸደንያን ድምፅ ከእኔ ቀድመው ለሚሰሙት ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የተቆለፈ የስልክ መልእክት ይከፈትልኝ ባዩ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ሐርጌሳ

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጆሮዎ እንደምን ነው? የከተማውን ሰው ሹክሹክታ ሁሉ ሊያዳምጥ የተነሣ ጆሮ ሕመም እንዳይነካው እኔ በበኩሌ አጥብቄ እጸልያለሁ።

ደምመላሽ እባላለሁ፤ እዚሁ ሐርጌሳ ዳሚ ሰፈር የምኖር፣ በየሰው ቤት ወለል ላይ ሴራሚክ የማነጥፍ ኢትዮጵያዊ ነኝ። ክቡርነትዎ የስልክ መልእክት ኩባንያዎቹን የቆለፋችሁትን የሰው መልእክት ክፈቱልኝ፣ ለጸጥታ ነው ማለትዎን በሬዲዮ የሰማሁት አያሃ ሰፈር አንድ አዲስ ቤት ውስጥ ተንበርክኬ ስሠራ ነው፤ ከአድናቆቴ ብዛት መዶሻው ጣቴ ላይ አረፈ። እኔ የጸደንያን ስልክ እስቲ አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ሳምንት ሙሉ ተኮርፌያለሁ። እርስዎ ግን የሀገሩን ሰው ሁሉ ስልክ በአንድ ደብዳቤ ጠየቁ፤ የሚያኮርፍዎትም የለም። ወንድ ማለት እንዲህ ነው!

ጸደንያ ማን ናት ይሉ ይሆናል። ላገባት የምፈልጋት ልጅ ናት። ወይዘሮ ኡባህ ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ የምትወጣው ዓርብ ብቻ ነው። ዓርብ ስንገናኝ ደግሞ ዙሪያችንን ሰው ነው፣ እሷም ዓይነ አፋር ናት፣ አንገቷን ደፍታ ጥፍሯን ስታይ ቀኑ ይመሻል። በስልክ ግን አፏ ይፈታል። የድምፅ መልእክት ስትልክልኝ ትስቃለች፣ ትሰድበኛለች፣ የኔ ማር ትለኛለች። የእኛ ፍቅር ሌላ ቤት የለውም። ታገቢኛለሽ ወይ ብዬ የጠየቅኋትም በዚያው በድምፅ መልእክት ነው፤ መልሷን እየጠበቅሁ ሳለ ክቡርነትዎ መካከላችን ገቡ።

ስለዚህ ቅሬታዬን በታላቅ አክብሮት በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ተራ አልጠበቁም። ቅናተኛ ነኝ፣ አልዋሽዎትም። ያችን የኔ ማር የምትለዋን ቃል ለመስማት ስንት ዓርብ ደጅ እንደጠናሁ እኔ ነኝ የማውቀው። እርስዎ ግን አንዲት ሻሽ እንኳ ሳይገዙላት፣ ስሟን እንኳ ሳያውቁ፣ እግርዎን ዘርግተው ሊሰሟት ነው። አበው ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ፤ ክቡርነትዎን ማለቴ አይደለም፣ አበው ናቸው ያሉት።

፪ኛ. እኛ የምናወራው በአማርኛ ነው፤ ክቡርነትዎ ደግሞ አማርኛ ስለማያውቁ አስተርጓሚ መቅጠርዎ አይቀርም። እዚህ ከተማ አማርኛ፣ ሶማልኛና እንግሊዝኛ አሟልቶ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ደግሞ ሁሉም የሚጠቁመው ዋሄን ገበያ ስልክ የሚጠግነውን ቸርነትን ነው። ቸርነት ከእኔ በፊት ጸደንያን ለትዳር ጠይቋት እንቢ ያለችው ሰው ነው። የስልኳ መስታወት የተሰበረ ጊዜ መለዋወጫ ጠፋ እያለ ስልኳን ታቅፎ ሰነበተ፤ ባየኝ ቁጥር እስካሁን ፈገግ ይላል። ሰሞኑን የመንግሥት ሥራ ሊገኝልኝ ነው እያለ ያስወራል፤ አዲስ ጫማም ገዝቷል። እንግዲህ ያ ሰው የእኔን ልመና ለእርስዎ ሲተረጉም ምን እንደሚጨምርበት ያስቡት! ለዚህ ሹመት ከእርሱ የተሻለ ጠላት ሊያገኙልኝ አይችሉም ነበርና አመሰግናለሁ።

፫ኛ. ወሬውን ጸደንያም ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ የኔ ማር የሚባል ነገር ቀርቷል። የምትልክልኝ እንደምን ዋልክ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ዛሬ ሞቃት ነው የሚል የዜና እወጃ ነው። ይህስ ይሁን። ግን መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣ የምትሰሙንም ደህና ሁኑ ትላለች። ክቡር ሆይ፣ ለስላሳው ለእናንተ ነው! አንጀቴ አረረ እኮ! እኔ ጠያቂው ደረቁን እየበላሁ ቸርነት ማሩን ሊልስ ነው ማለት ነው።

፬ኛ ብዬ ሌላ ጽፌ ነበር፤ መለስ ብዬ ሳነበው ያው ቸርነት ሆኖ አገኘሁት፣ ሰረዝኩት።

ወንጀለኛ መያዝ ደግ ነው፣ ማን ይጠላል? ነገር ግን ለአንድ ሌባ ተብሎ የሰፈሩ በር ሁሉ ሲነቀል አይቼ አላውቅም። ያም ሆኖ ከጸደንያ ጋር ብቻችንን ነን ብለን እንዳንሳሳት ስላስታወሱን፣ ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ሳቅም ይህን ያህል ክብር ስለሰጡ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ይህ ደብዳቤ በቸርነት ተተርጉሞ፣ በቸርነት ተስቆበት፣ ከቸርነት የተረፈው ለክቡርነትዎ እስኪደርስ በትሕትና የሚጠባበቀው፣

ደምመላሽ፣ ከዳሚ

ሳልጨምር የማላልፈው፦ ይህን ጽፌ ወደ ሥራዬ እንደተመለስኩ ከጸደንያ የድምፅ መልእክት ገባ፤ ረጅም ነው። እጄ ሲሚንቶ ነበርና ታጥቤ ብመለስ፣ ይህ መልእክት ተሰርዟል የሚል ብቻ ጠበቀኝ። ብደውልላት፣ በስልክ አይሆንም ብላ ዘጋችው። እናንተን ፈርታ ሰርዛው ይሁን በእኔ ሐሳቧን ለውጣ፣ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ክቡር ሆይ፣ ተቃውሞዬ እንዳለ ሆኖ፣ ከሰሙት አንዲት ነገር ብቻ ይንገሩኝ፦ እሺ ብላ ነበር?