የጎበዜ በር

ሰኞ፣ ሐምሌ 7። ማታ።

የአባባን እጅ በፋሻ ጠቅልዬ፣ ውሻችንን ጎበዜን በፎጣ አድርቄ፣ አሁን ገና ቁጭ አልኩ። ማስታወሻዬ፣ ጽሕፈቴ ቢንሻፈፍ አትቀየሚኝ።

አባባ ወደቁ። ለጎበዜ በር ሊከፍቱ ተነስተው፣ ዝናብ ያረጠበው ደፍ ላይ ከዘራቸው አንሸራተታቸው። ሐኪሙ ስብራት የለም ብሏል። እብጠት ብቻ። ተመስገን። ግን ሲወድቁ እኔ የት ነበርኩ? ቦሌ ለሚ፣ ልብስ ፋብሪካ፣ የኮት እጅጌ ፓተርን፣ የጨርቁን መቁረጫ ንድፍ፣ እየሳልኩ። ያነሷቸው ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ናቸው። ጎበዜ አላቋርጥ ብሎ ሲጮህ ሰምተው።

ነገሩን ታውቂዋለሽ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ቀን ቀን ቤት የሚውሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንድ የድሮ የከባድ መኪና ሹፌርና ጥጃ የሚያክል አንድ ውሻ። ውሻው ይገባል። ይወጣል። መኪና ባለፈ ቁጥር ሊጮህ ይወጣል፣ ካፊያ ሲጀምር ይገባል። በሩን ክፍት አንተወው ነገር ክረምት ነው፤ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ለሌባ ሠርግና ምላሽ ነው። አምና ከኛ ሁለት ቤት አልፎ፣ ባለቤቶቹ ሳሎን ተቀምጠው ከጓዳ ሲሊንደር አውጥተዋል። ውጭ አንዘጋበት ነገር በሩን እየቧጨረ ያለቅሳል። አባባ ደግሞ ለቅሶውን አይችሉም። ይነሳሉ። በዚያ ጉልበት።

ወንድሜ ዳንኤል ከገርጂ በርሮ መጣ። (ከዚህ በኋላ ዳ. ብቻ ነው የምለው፤ ተናድጄበታለሁ።) ፍርዱን ሰጠ፦ ውሻው እሁድ ይሄዳል። መጋዘን ያለው ጓደኛ አለው፣ ጠባቂ ውሻ ይፈልጋል። በሰንሰለት ታስሮ። አባባ ራት አልበሉም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8። ምሳ ሰዓት፣ ፋብሪካ።

የራሱ በር! ለምን እስከ ዛሬ አልታየኝም? ለጎበዜ የራሱ ትንሽ በር። ራሱ ይገባል፣ ራሱ ይወጣል። አባባ ወንበራቸው ላይ ቁጭ። በስልኬ ፎቶ ሳይ አረፈድኩ፤ የፈረንጅ ቤት ሁሉ ያለው ይመስላል። ምሳዬ ቀዘቀዘ። ደስ ብሎኛል።

ማታ።

ለዳ. ደወልኩለት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ፦ «ሂሩት፣ ጎበዜ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሌባም ያልፍበታል።»

ልክ ነው። ልክ ሲሆን ነው የሚያበሽቀኝ።

ሜትሬን አውጥቼ የውሻውን ትከሻ ለካሁ። ጨዋታ መስሎት የሜትሩን ጫፍ አኘከው። የሱን አየሁ፣ የራሴን አየሁ። እኔና እሱ አንድ ሸሚዝ እንለብሳለን።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10። ማታ።

ግማሽ ቀን አስፈቅጄ ቦሌ ሄድኩ። የቤት እንስሳት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ። መስታወት፣ መብራት፣ ከኔ ፍራሽ የሚለሰልስ የድመት ፍራሽ። ልጅቷ ትሁት ናት። አንድ ነጭ በር አሳየችኝ፤ ስማርት ነው፣ ውሻው አንገቱ ላይ ቺፕ ያደርጋል፣ ሌላ ሰው ሲመጣ ሎክ ይሆናል። መብራት ሲጠፋስ? ባትሪ አለው። ባትሪው ሲያልቅስ? ፈገግ አለች። በጉልበቴ ገፋ ባደርገው ላስቲኩ ጎበጠ። ትንሽ ብጨምር ይሰበር ነበር።

«እህቴ፣ እዚህ ሰው የሚመጣው ሊገዛ እንጂ ሊሰብር አይደለም» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ሳልገዛ ወጣሁ።

የታክሲ ሰልፍ፣ ዝናብ፣ እንደገና ሰልፍ። ቤት ስደርስ እንደ ጎበዜ ተራገፍኩ። አባባ ተገኘ ወይ አሉ። አልተገኘም። የውሻውን ጆሮ ማሻሸት ቀጠሉ። እጃቸው አሁንም አብጧል። አንገቴን ደፋሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12። ከሰዓት።

ብየዳ ቤት። ከድር የወሎ ልጅ ነው፣ ከቀልድ ጋር ነው የሚበይደው። ለውሻ በር ስለው ደወልስ ላድርግለት ወይ አለኝ። ግን ሥራውን ወደደው። ቤት መጥተን ከኩሽናው መስኮት በታች ብሎኬቱን ቀደድን፤ ከላይ የሚንጠለጠል ወፍራም ላሜራ ሰቀለበት። ከውስጥ ደግሞ ለማታ መቀርቀሪያ። «ይሄንን ሌባ አይደለም ታንክም አይሰብረው» አለ።

ጎበዜ በአፍንጫው ገፋው። ገባ። ላሜራው ተመልሶ ጓ! ጭራው ላይ።

ጩኸቱን እስከ የካ አባዶ የሰሙት ይመስለኛል። አሁን ጎበዜ የአባባ አልጋ ሥር ነው። በሥጋም አይወጣም። ከድር አንገቱን እያሻሸ ቆመ፤ ለሰው በር እንጂ ለውሻ ሠርቶ አያውቅም። እኔም አላውቅም። ግድግዳችን ላይ ቀዳዳ አለ፣ ውሻው ይፈራዋል። ደስ የሚል ቅዳሜ።

እሁድ፣ ሐምሌ 13።

ዳ. መጣ። ቀዳዳውን አየ። አሁን ደግሞ ግድግዳችንን ለሌባ በረገድሽለት አለኝ። ሰንሰለት ይዞ ነው የመጣው። አዲስ ሰንሰለት፣ ከነፌስታሉ።

አባባ ሳምንቱን ሙሉ ያልተናገሩትን ዛሬ ተናገሩት። ድምፃቸውን ሳያነሱ፦ «ጥሩ። ውሰደው። ግን ለጓደኛህ ንገርልኝ፣ እኔንም ዘበኛ አድርጎ ይቅጠረኝ። ከውሻው ጋር ነው የማድረው።»

ዳ. ፊቱ ተለዋወጠ። «አባባ፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው!» አባባ መስኮት መስኮቱን ያያሉ። እኔ ገባሁበት፤ አንድ ሳምንት ስጠኝ አልኩ። እስከሚቀጥለው እሁድ። ካልቻልኩ ሰንሰለቱን በገዛ እጄ አስራለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። አልኩ።

ሰንሰለቱን ትቶት ሄደ። ጠረጴዛው ላይ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14። ፋብሪካ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ተደብቄ ነው የምጽፈው።

እጅጌ!!

የኮት እጅጌ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም። ክንድ ክርኑ ላይ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ጨርቁም አብሮ ይታጠፋል። ስንት ዓመት የሳልኩት ነገር! በር አይደለም የሚያስፈልገኝ። እጅጌ ነው። ከግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ የሚወጣ የብረት መተላለፊያ፣ መሃሉ ላይ ክርን ያለው። ጎበዜ ጭራውን ሊነክስ ሲዞር አይተሽዋል? ወገቡ ገመድ ነው። ሰው ግን በሆዱ ተኝቶ ሲሳብ ጭኑ የት ይታጠፍለታል? ትከሻው ቢያልፍ ጭኑ ይቀራል።

አለቃዬ እየጠራችኝ ነው። እየሳቅኩ መውጣት የለብኝም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16። ማታ።

ባዶ ካርቶን ከፋብሪካ ለምኜ አመጣሁ። ግቢ ውስጥ፣ በረንዳው ጥላ ሥር፣ በመቀስና በፕላስተር የጎበዜን እጅጌ ሠራሁ። አዴ ጫልቱ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። የዶሮ ቤት ነው? አይደለም። ነገርኳቸው። እሳቸው ይሄ ሰፈር ሁሉ የጤፍ ማሳ ሳለ ጀምሮ ውሻ አሳድገዋል፤ ለውሻ ግን በር ሲሠራለት አይተው አያውቁም። ሳቁብኝ። ከዚያ አጥንት ይዘው መጡ።

ጎበዜ የእጅጌው ክርን ላይ ሲደርስ ቆመ። ጨለማ ነው። በመቀስ ከላይ ሁለት ቀዳዳ በሳሁ፣ ብርሃን ገባ። አለፈ! እልል ልል ስል ራሴን ያዝኩ። የኔ ተራ ነው። ተኛሁ። ተሳብኩ።

እኔም አለፍኩ።

«ምናልባት እኔ ቀጭን ስለሆንኩ ነው» አልኩ።

«ሌባውም ቀጭን ነው» አሉ አዴ ጫልቱ። «የሚበላ ቢኖረው መቼ ይሰርቅ ነበር?»

እውነታቸውን ነው። ቀደድኩት። ክርኑን አጠበብኩት፣ ጣሪያውን ዝቅ አደረግኩት። ጎበዜ ጎንበስ ብሎ፣ ወገቡን ጠምዞ፣ እንደ ዓሣ ሾለከ። እኔ ጭኔ ላይ ቀረሁ። ወደፊት የለም። ወደ ኋላም የለም። አዴ ጫልቱ በእግሬ ጎትተው አወጡኝ፤ በኦሮምኛ የሚሉት ነገር ስድብም ምርቃትም ይመስላል። ሁለታችንም ጭቃ ላይ ተቀምጠን ሳቅን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19። ማታ።

ገብርኤል ነው። አባባ በንግሥ ቀን መዶሻ መመታቱ አልጣማቸውም። ቆይተው፣ ለወደቀ ሰው የሚሠራ ሥራ ገብርኤልን አያስቀይመውም አሉና ራሳቸው ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ።

ከድር ካርቶኔን እንደ ፓተርን ተጠቅሞ በላሜራ ቆርጦ በይዶታል። ክርኑ ከነብርሃን ቀዳዳዎቹ፣ ግድግዳው ላይ ተገጥሟል። ግን መዝጊያው? ብረት ሲያይ ጎበዜ ጭራውን እግሩ መሃል ይከታል። እኔና ከድር ስንከራከር አባባ ተነስተው ጠፉ። ከዕቃ ቤቷ የድሮ መኪናቸውን የጎማ ከመነዳሪ፣ አየር የሚሞላበትን የውስጥ ጎማ፣ ይዘው ወጡ። የአሰብ መንገድ አቧራ አሁንም አለበት ብል አጋነንሽ ትይኛለሽ። እኔን እያስያዙ፣ በደህና እጃቸው በቢላ እንደ መጋረጃ ተለተሉት። ንፋስ አያስገባም፣ ጭራ አይነክስም። ከድር ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሊስም ምንም አልቀረው።

ሰቀልነው፤ የብረቱ መዝጊያ ከነመቀርቀሪያው ለማታ ብቻ ቀረ። ጎበዜ አሸተተ። ብረቱን አይደለም፤ ጎማውን። አባባ ኩሽና ገብተው ከቀዳዳው ማዶ ተቀመጡና አንዴ አፏጩ።

ጎማው ተገለጠ። ገባ። ተመልሶ ወጣ። እንደገና ገባ! ከድር ያጨበጭባል፣ እኔ እጮሃለሁ። አባባ ሁለት እጃቸውን ውሻው አንገት ላይ አድርገዋል።

እሁድ፣ ሐምሌ 20።

በዝርዝር መጻፍ አለብኝ፣ አንድም ነገር እንዲያመልጠኝ አልፈልግም።

ዳ. ከቅዳሴ በኋላ መጣ። ዞሮ አየው። በእግሩ መታው፣ ነቀነቀው። ብረቱ ላይ ጉድለት አላገኘም። «እኔ ሌባ ልሁን» አለ። ኮቱን ሊያወልቅ ሲል አባባ ከኩሽና፦ «ሌባ ኮት የሚያወልቀው የት አገር ነው?» ቢሆንም አወለቀ።

በሆዱ ተኛ። ጭንቅላቱ ገባ። ትከሻው እየተቧጨረ ገባ። ክርኑን ዞረ! ኩሽና ውስጥ፣ ከጎማው መጋረጃ መሃል፣ የወንድሜ ፊት ብቅ አለ። ሊስቅ ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ቆመ። ጭኑ ተቀርቅሯል። ተወራጨ። ጎበዜ በበሩ ላይ ሰው አየ፤ የሚያውቀው ሰው። ሄደና ፊቱን ከአገጭ እስከ ግንባር ላሰው።

«ያዙት! ያዙልኝ እንጂ!»

«ሌባው ተያዘ!» አሉ አባባ፣ ሳቁ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ፣ ከዘራቸው እስኪወድቅ። እንባቸውን በፋሻው ይጠርጋሉ።

«አባባ፣ አውጡኝ!»

«መጋዘኑስ?»

«የምን መጋዘን!»

«መጀመሪያ ደውልለት።»

ስልኩ የኋላ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ኪሱ ደግሞ ውጭ ቀርቷል። ዞሬ አወጣሁት፣ ደወልኩ፣ ኩሽና ገብቼ ጆሮው ላይ ያዝኩለት። ወንድሜ ወለል ላይ እንዳለ፣ ውሻው አጠገቡ ተጋድሞ፣ በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ ለጓደኛው ውሻው እንደማይመጣ ነገረው። ምን ሆነሃል ተብሎ ተጠየቀ መሰለኝ፤ ምንም፣ ትንሽ ተይዤ ነው አለ።

እኔ አንድ እግር፣ አዴ ጫልቱ አንድ እግር፤ ጎተትነው።

ሱሪው ጭቃ፣ ፀጉሩ የውሻ ምራቅ። በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ከሰኞው ወዲህ ስልኩ በጠራ ቁጥር አባባ ሞቱ የሚሉት ይመስለው እንደነበር ነገረኝ። ሥራ ላይ ስልክ ለማንሳት ይፈራ ነበር። እኔ ውሻ የጠላ መስሎኝ። ትከሻውን ገፋሁት፣ ገፋኝ። ሲሄድ መቀርቀሪያውን ማታ ማታ እንዳልረሳ ሦስቴ አስጠነቀቀኝ። ዳንኤል። ዛሬ ሙሉ ስሙን እጽፈዋለሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21። ማታ።

ሲዘንብ ዋለ። በሥራ ሰዓት ቤት አልደወልኩም። አንዴም። ስመለስ ግን በሩን ስከፍት ልቤ እንደ ልማዱ ደነገጠ።

አባባ ወንበራቸው ላይ ተኝተዋል፣ ብርድ ልብስ እስከ ደረታቸው። የኩሽናው ወለል ከጫፍ ጫፍ የጭቃ ዱካ ነው። ከበሩ ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ በሩ፣ ሲመላለስ ውሏል። መወልወያ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። እስከ ነገ ይቆይ።

ሲነቁ ዛሬ ተነስተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አዎ፣ አሉ፤ ለራሳቸው ጉዳይ። በረንዳ ወጥተው ዝናብ አይተው ተመለሱ።

አዴ ጫልቱ ለሁለቱ ውሾቻቸው እንደዚሁ ይፈልጋሉ። ማሰብ አላስፈለገኝም። ወስኛለሁ፦ ቅዳሜ ሜትሬን ይዤ እሄዳለሁ። ካርቶኑን እኔ እቆርጣለሁ፣ ከድር ይበይዳል፣ ጎማውን ደግሞ አባባ፤ ማንም እንዳይነካባቸው ከወዲሁ አስጠንቅቀዋል። ቢላውን ሲሞርዱ ነው ያመሹት። እኔም ለካርቶን አለቃዬን ነገ

ቆይ፣ ጎማው ተንቀሳቀሰ። መጣ። ኧረ አንተ፣ ተራገፍ መጀመሪያ! ወረቀቱን አረጠ