«ኤዲያ» ያልኩ ዕለት

ለልጄ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከመኪና ስትወርድ ታቃስታለህ? የልጃችንስ ሳል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለት ለምዶብኝ እንጂ እስረኛ ምን ደህንነት አለው! ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንዷ ስትገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን።

የጻፍኩልህ ልወቅስህ ነው፤ አልደብቅህም። ዳኛው ልጃችን ለማንኛችን ትሰጥ የሚለውን ጉዳይ እንደገና ለሌላ ቀን ሲቀጥሩት «ኤዲያ!» አልኩ። ምነው አፌን በቆረጠው! እሳቸውን ማለቴ አልነበረም። ታውቀኛለህ፣ ክር ሲበጠስብኝ ኤዲያ፣ ወተት ሲገነፍልብኝ ኤዲያ ነው። ላግባሽ ስትለኝ እንኳ መጀመሪያ ያልኩህ እሷኑ ነው፤ ስቀህ ልትሞት ነበር።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ምን አልሽ አሉኝ። ፀሐፊዋ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ይሄ ችሎት መድፈር ነው አሉ፤ ግን ክፉ ሰው አይደሉም፣ ይቅርታ ከጠየቅሽ አልፈዋለሁ አሉኝ። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ «ኤዲያ፣ ይቅርታማ ምን ገዶኝ!» ብዬ እጅ ነሳሁ። ችሎቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። የዳኛው ፊት ጠቆረ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማኛል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እንዲያም ሆኖ ወደ አንተ ዞረው፣ ይህ ቃል የንግግር ልማዷ ነው ወይ ብለው ጠየቁህ። ማምለጫዬ እኮ ያቺ ጥያቄ ነበረች! አንተ ጫማህን አየህና አላስታውስም አልክ። አላስታውስም! ስንት ዓመት አንድ ትራስ ላይ የተኛኸው ሰውዬ!

አንድ ወር ፈረዱብኝና እዚያው ፖሊስ ይዞኝ ወጣ። ተበዳዩም እሳቸው፣ ምስክሩም እሳቸው፣ ፈራጁም እሳቸው። እዚህ ያሉት ሴቶች ይግባኝ በይ ይሉኛል፤ ይግባኙ እስኪሰማ ወሩ ያልቃል። የልጃችን ቀጠሮ ግን ከዚያ በፊት ነው። በካቴና ለገባች፣ ችሎት ለደፈረች እናት ልጅ የሚሰጥ ማን አለ? ጠበቃህስ ይቺን ነገር መች ያልፋታል?

ለምን አላስታውስም እንዳልክ ገብቶኛል። ልጅቷን ፈልገሃት ነው። ተናድጄብህ ሳበቃ ደግሞ አስበዋለሁ፤ እኔም ባንተ ቦታ ብቆም ጫማዬን አይ ነበር መሰለኝ። ይሄን ሳስብ ነው እንባዬ የሚመጣው።

እንግዲህ አደራ። ፀጉሯን ከጫፍ ጀምረህ አበጥርላት፤ ከሥር ከጀመርክ ታለቅሳለች። እንቅልፍ እስኪወስዳት መብራት አታጥፋባት። ወደዚህ አታምጣት፤ እናትሽ ሩቅ ሥራ አግኝታ ሄደች በላት። ደግሞ ልጃችን አፏ አምልጧት እቤትህ ያለችውን ሴት «እማዬ» ብላ ከጠራቻት፣ እንዳትቆጣት። እኔ ፊት ብትላትም እንዳትቆጣት።

ዕድሜዋን ያርዝምልህ፣ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልህ፣ አድጋ ለማየት ያብቃህ።

የልጅህ እናት